ለአንድ ናሙና ሁለት የሻካራነት ቁጥር፦ የአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ውጤት እንዴት ይነበባል?

የከዚራ ተማሪ (ድሬዳዋ)፦

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጥናቴ በሶላር ፓነል መስታወት ላይ ተቀብቶ አቧራ በቀላሉ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ስስ የሲሊካ ሽፋን ስለማዘጋጀት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ጣሪያው ላይ ፓነል የሰቀለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደረቁ ወቅት ገብቶ ነፋሱ ሲነሣ መስታወቱ ብዙም ሳይቆይ አቧራ ይለብሳል፤ አንዴ ከለበሰ ደግሞ በውሃ ካልታጠበ በነፋስ ብቻ አይጠራም። ሽፋኑን የማዘጋጀው በሶል-ጄል ዘዴ ሲሆን፣ መስታወቱን ፈሳሹ ውስጥ ነክሬ በዝግታ ካወጣሁት በኋላ በምድጃ አደርቀዋለሁ። ውፍረቱ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው።

ጥያቄዬ ልኬቱን ይመለከታል። ከአንድ መስታወት የተቆረጡ ሁለት ቁራጮችን ለሁለት ላቦራቶሪዎች ላክሁ፤ ሁለቱም በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ፣ ማለትም ገጹን በደቃቅ መርፌ እየዳሰሰ ከፍታና ዝቅታውን በሚመዘግብ መሣሪያ፣ ለኩልኝ። የመጀመሪያው ሻካራነቱ፣ በአርኪው (ከአማካዩ ከፍታ ያሉት ልዩነቶች ስኩዌር አማካይ ሥር) ሲገለጽ፣ 1.4 ናኖሜትር ነው አለ፤ ሁለተኛው 6.2 ናኖሜትር አለ። የመጣበቅ ኃይሉን አንደኛው 11 ናኖኒውተን፣ ሌላው 38 ናኖኒውተን ብለው ጻፉ። ሁለተኛው ላቦራቶሪ በተጨማሪ የሽፋኑ ያንግ ሞዱለስ (ለጫና ያለው ግትርነት) 31 ጊጋፓስካል ነው ብሏል። አማካሪዬ የትኛውን ቁጥር ይዤ እንደምቀርብ ጠይቀውኛል። የሁለቱን አማካይ መውሰድ ተገቢ ይሆን? ወይስ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል? ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ጁገል (ሐረር)፦

ጤና ይስጥልኝ። አማካዩን እንዳይወስዱ አደራ እላለሁ። ሁለቱ ቁጥሮች ስለ አንድ ነገር የተሰጡ ሁለት ግምቶች አይመስሉኝም፤ የሁለት የተለያዩ ነገሮች ልኬት ይመስሉኛል። ስለዚህ ሁለቱም ላቦራቶሪዎች በየበኩላቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

የሻካራነት ቁጥር በምን ያህል ስፋት ላይ እንደተለካ ካልተነገረ ትርጉም የለውም። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣውን የደንገጎን መንገድ ያስቡ። አንድ ሜትር አስፋልት ላይ ተንበርክኮ ለለካ ሰው ከፍታና ዝቅታው የጠጠሮቹ ብቻ ነው፤ መቶ ሜትር ለለካው ጉድጓዱና እብጠቱ ይጨመርበታል፤ ከታች እስከ ላይ ለለካው ደግሞ ዳገቱ ራሱ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። በሶል-ጄል የተሠራ ሽፋንም እንዲሁ ነው። በ1 ማይክሮሜትር ስፋት የሚታዩት የሲሊካው ቅንጣቶች ናቸው፤ በ20 ማይክሮሜትር ስፋት ደግሞ ሽፋኑ ሲደርቅ የፈጠረው ሞገድና ከሥሩ ያለው የመስታወቱ ወጣ ገባ ይጨመራሉ። ስፋቱ እየጨመረ ሲሄድ አርኪው አብሮ ያድግና፣ ስካኑ በገጹ ላይ ያለውን ትልቁን ሞገድ በብዙ ዕጥፍ ሲበልጥ ብቻ እድገቱ ይቆማል።

ሁለተኛው ጉዳይ ምስሉን ማደላደል ነው። ናሙናው ከስካነሩ ጋር ፍጹም ትይዩ ሆኖ አይቀመጥም፤ ስካነሩን የሚያንቀሳቅሰው ፒዞም (ቮልት ሲሰጠው የሚለጠጥና የሚኮማተር ክፍል) ሰፊ ቦታ ሲሸፍን በመጠኑ ቅስት ይሠራል። በዚህ የተነሣ ከመሣሪያው የሚወጣው ምስል ሁልጊዜ ዘንበል ወይም ጎበጥ ያለ ስለሆነ ሶፍትዌሩ ያንን ዝንባሌ ይቀንሳል። ዝንባሌው በአንድ ዝርግ ገጽ ልክ ከተቀነሰ የገጹ እውነተኛ ሞገድ አብዛኛው ይቀራል። መስመር በመስመር በሦስተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል፣ ማለትም በተጠማዘዘ መስመር፣ ከተቀነሰ ግን ሰፋፊው ሞገድ ከስህተቱ ጋር አብሮ ይጠረጋል፤ ጉብታ ባለበት መስመር ላይም ከጉብታው ግራና ቀኝ ጥቁር ጥላ የሚመስል የሐሰት ጉድጓድ ይፈጠራል። ተመሳሳይ መረጃ ይዘው ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ ቢያደላድሉት ሁለት አርኪው ያገኛሉ።

ስለዚህ የሚከተሉትን ይንገሩን፦ የስካኑ ስፋት ስንት ነው? በአንድ መስመር ስንት ነጥብ ተወስዷል? ማደላደሉ በምን ተሠራ? ሁለቱም የሰጡት አርኪው መሆኑንም ያረጋግጡ፤ አንዳንዱ አርኤ፣ ማለትም የልዩነቶቹን ተራ አማካይ፣ ይሰጣል፤ ከፍታው በመደበኛ ሥርጭት ለተበተነ ገጽ አርኪው ከአርኤ በ1.25 ዕጥፍ ያህል ይበልጣል።

የከዚራ ተማሪ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አንቺ ቢሉኝ ደስ ይለኛል። እንደገመቱት ነው። የመጀመሪያው ላቦራቶሪ በ1 ማይክሮሜትር ስፋት ለክቶ በአንድ ዝርግ ገጽ አደላድሏል። ሁለተኛው በ20 ማይክሮሜትር ለክቶ መስመር በመስመር በሦስተኛ ደረጃ አደላድሏል። ሁለቱም በመስመር 512 ነጥብ ወስደዋል፤ ሁለቱም አርኪው ነው። ከሁለተኛው የደረሰኝ ባለቀለም ምስል ብቻ ሲሆን፣ በምስሉ ላይ በርካታ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይታያሉ፤ ሁሉም ሹል ጎናቸው ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ ነው። እኔ የሲሊካ ክሪስታል ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር።

ሳቢያን (ድሬዳዋ)፦

እህቴ፣ ስለ ሦስት ማዕዘኖቹ ላስቀድም፤ ምክንያቱም ከሌላው ሁሉ የሚቀድም ምልክት ነው። በዚህ መሣሪያ ላይ ጥቂት ዓመታት ሠርቼበታለሁና ይህን ምስል ገና በአነጋገርሽ አወቅሁት። በሶል-ጄል የተሠራና በመካከለኛ ሙቀት የደረቀ ሲሊካ ቅርጽ አልባ ነው፤ ክሪስታል አይሠራም። ቅርጾቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞሩ የምታዪው ናሙናውን ሳይሆን የመርፌውን ጫፍ ነው። አዲስ የሲሊኮን ጫፍ ከ10 ናኖሜትር ያነሰ ሬዲየስ ሊኖረው ይችላል። ጫፉ ሲሰበር ወይም ሲደነዝዝ፣ በናሙናው ላይ ያለ ከጫፉ ያነሰ ቅንጣት ሁሉ ጫፉን በተራው እየዳሰሰ የራሱን ሳይሆን የጫፉን ቅርጽ ያሳትማል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ናሙናውን 90 ዲግሪ አዙሮ እንደገና ስካን ማድረግ። ቅርጾቹ አብረው ከዞሩ የናሙናው ናቸው፤ ባሉበት አቅጣጫ ከቀሩ የጫፉ ናቸው።

ጫፉ ስለታም በሆነ ጊዜም ቢሆን የሚታየው ስፋት ከእውነተኛው ይበልጣል። ሬዲየሱ 10 ናኖሜትር የሆነ ድቡልቡል ቅንጣት ዝርግ ገጽ ላይ ተቀምጦ፣ ሬዲየሱ 10 ናኖሜትር በሆነ ጫፍ ሲዳሰስ፣ ስፋቱ 20 መሆኑ ቀርቶ 40 ናኖሜትር ሆኖ ይታያል። ቁመቱ ግን ትክክል ነው። በዚህ ምክንያት የቅንጣትሽን መጠን ከቁመት እንጂ ከስፋት አታንብቢ። የነጥቦቹንም ርቀት አስቢ፦ 20 ማይክሮሜትር በ512 ነጥብ ሲከፈል በየ39 ናኖሜትሩ አንድ ነጥብ ነው። የሁለተኛው ላቦራቶሪ ስካን የሽፋኑን ቅንጣቶች ጨርሶ ሊያይ አይችልም ነበር፤ ጫፉ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ እንኳ።

አሁን ወደ መጣበቅ ኃይሉ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ኃይልን በቀጥታ አይለካም። መርፌው ጫፉ ላይ የተተከለበት ስስ ተጣጣፊ ዘንግ ካንቲሊቨር ይባላል፤ በካንቲሊቨሩ ጀርባ ላይ ሌዘር ያርፋል፤ የተንጸባረቀው ብርሃን በአራት የተከፈለ ፎቶዳዮድ ላይ ይወድቃል፤ ካንቲሊቨሩ ሲጎብጥ የብርሃኑ ነጥብ ይንቀሳቀስና ፎቶዳዮዱ ቮልት ይሰጣል። በእጃችን ያለው ቮልት ብቻ ነው። ቮልቱን ወደ ናኖሜትር ለመለወጥ ካንቲሊቨሩን ጠንካራ ገጽ ላይ፣ ለምሳሌ ንጹሕ ሲሊኮን ወይም ሳፋየር ላይ ተጭነን ፒዞው የተጓዘውን ርቀት ከቮልቱ ጋር እናስተያያለን። ናኖሜትሩን ወደ ናኖኒውተን ለመለወጥ ደግሞ የካንቲሊቨሩን የስፕሪንግ ኮንስታንት፣ ማለትም ግትርነቱን፣ ማወቅ ግድ ይላል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያመነ ሰው ብዙ ይሳሳታል፤ 42 ኒውተን በሜትር ተብሎ የሚሸጥ ካንቲሊቨር ከ10 እስከ 130 ባለው ወሰን ውስጥ ሊሆን እንደሚችል አምራቾቹ ራሳቸው ይጽፋሉ። ምክንያቱ የስፕሪንግ ኮንስታንቱ ከውፍረቱ ኩብ ጋር አብሮ ማደጉ ነው፤ ውፍረቱ በ10 በመቶ ብቻ ሲጨምር ኮንስታንቱ በ33 በመቶ ይጨምራል።

ለዚህ የተዘጋጀው ዘዴ እጅግ የሚያምር ነው። ካንቲሊቨሩ ማንም ሳይነካው በአየሩ ሙቀት ብቻ ይንቀጠቀጣል። ስፕሪንግ ኮንስታንቱ 0.1 ኒውተን በሜትር የሆነ ካንቲሊቨር በክፍል ሙቀት 0.2 ናኖሜትር ያህል ይወዛወዛል። ይህን ውዝዋዜ ለክቶ ከሙቀቱ ጉልበት ጋር በማነጻጸር ግትርነቱ ይሰላል። ለግትር ካንቲሊቨር ውዝዋዜው እጅግ ትንሽ ስለሚሆን የሬዞናንስ ድግግሞሹን፣ የሬዞናንሱን ስለት (ኪው ፋክተር) እና የካንቲሊቨሩን ርዝመትና ስፋት የሚጠቀመው የሳደር ዘዴ ይመረጣል። ላቦራቶሪዎቹ ከሁለቱ አንዱን ሠርተው እንደሆነ ጠይቂ፤ ካልሠሩ በ11 እና በ38 መካከል ያለው ልዩነት የካንቲሊቨሩ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በደንብ የተሠራ የኃይል ኩርባ ሲታይ እንዲህ ነው። ጫፉ ወደ ናሙናው ሲቀርብ መስመሩ ዝርግ ሆኖ ይመጣና ከገጹ ጥቂት ናኖሜትር ሲቀረው በድንገት ወደ ታች ዘልቆ ገጹን ይነካል። ከዚያ ጫናው ሲጨምር መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሲመለስ በዚያው መስመር ይወርድና ዜሮውን አልፎ ወደ ታች ይቀጥላል፤ ጫፉ ተጣብቆ ስለተያዘ ካንቲሊቨሩ ወደ ገጹ ይጎብጣል። በመጨረሻ ተላቅቆ ወደ ዝርጉ መስመር በአንድ ዝላይ ይመለሳል። የመጣበቅ ኃይል የምንለው የዚያ ዝላይ ቁመት ነው። ከአንድ ነጥብ የተወሰደ አንድ ኩርባ ምንም አይነግርሽም፤ በብዙ ነጥቦች ላይ ተወስዶ ሥርጭቱ መታየት አለበት።

ጁገል፦

ሳቢያን ባሉት ላይ ስለ እርጥበት ልጨምር። አየሩ ውስጥ ውሃ ካለ በጫፉና በገጹ መካከል ባለው ጠባብ ቀዳዳ ይጨመቅና ትንሽ የውሃ ድልድይ ይሠራል። በ50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት የዚህ ድልድይ የጉብጠት ሬዲየስ 0.75 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ትንሽ ቢመስልም ኃይሉ ቀላል አይደለም። ሬዲየሱ 10 ናኖሜትር የሆነ ጫፍ ውሃ በሚወድ ገጽ ላይ ሲያርፍ ድልድዩ 9 ናኖኒውተን ያህል ይጎትተዋል። ሬዲየሱ 40 ናኖሜትር ለሆነ ጫፍ ደግሞ 36 ናኖኒውተን ይሆናል። አሁን የእህታችንን 11 እና 38 ከእነዚህ ጎን አስቀምጡ። ይህ ማረጋገጫ አይደለም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ላቦራቶሪ በጤነኛ ጫፍ፣ ሁለተኛው በደነዘዘ ጫፍ የአንዱን የውሃ ድልድይ ኃይል ለክተው ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። እንዲህ ከሆነ ሁለቱም ስለ ሽፋኑ የነገሩን ነገር ጥቂት ነው፤ የነገሩን ስለ ውሃና ስለ ጫፍ ነው። ልኬቱ በደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ ቢደገም ድልድዩ ይጠፋና የሽፋኑ የራሱ ኃይል ይቀራል።

የሶላር ባለሙያ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የተማርኩት ኤሌክትሪክ ነው፤ ሥራዬም ፓነል መትከልና መጠገን ነው። ንግግራችሁን በጥሞና እየተከታተልኩ አንድ ነገር አልገባኝም። በእኛ ጣሪያ ላይ የሚያርፈው አቧራ በዓይን የሚታይ ነው፤ እናንተ የምትለኩት ግን በዓይን በማይታይ መርፌ ነው። የመርፌው መጣበቅ የአቧራውን መጣበቅ እንዴት ሊነግረን ይችላል? ሁለተኛ ያስተዋልኩት ነገር አለ፤ ቀን የወደቀው አቧራ ማታ በጨርቅ ሲነካ ይረግፋል፤ ጠል ያደረበት አቧራ ግን ጠዋት በጨርቅ ሲጠረግ መስታወቱን ይጭረዋል እንጂ አይለቅም።

ሳቢያን፦

ወንድሜ፣ ያነሱት ጥያቄ የጥናቱ ዋና ጥያቄ ነው። መልሱም ጫፉን በአቧራ መተካት ነው። በ1991 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተመራማሪዎች በካንቲሊቨሩ ጫፍ ላይ ጥቂት ማይክሮሜትር የሆነ የሲሊካ ድቡልቡል አጣብቀው ኃይልን መለካት ጀመሩ፤ ዘዴው ኮሎይዳል ፕሮብ ይባላል። በዚህ ዘዴ የሚለካው መርፌ ሳይሆን የአቧራ መጠን ያለው ቅንጣት ነው።

ቁጥሮቹን እንመልከት። ዲያሜትሩ 10 ማይክሮሜትር የሆነ የሲሊካ ቅንጣት ክብደቱ 0.014 ናኖኒውተን ገደማ ነው። ይኸው ቅንጣት ፍጹም ለስላሳ ከሆነ የሲሊካ ገጽ 0.3 ናኖሜትር ርቆ ቢቀመጥ የቫን ደር ዋልስ ስበቱ (ሞለኪውሎች እጅግ ሲቀራረቡ የሚሳሳቡበት ኃይል) ብቻ 600 ናኖኒውተን ገደማ ይደርሳል፤ ከክብደቱ ከ40,000 ዕጥፍ በላይ ማለት ነው። ፓነሉን ቀጥ አድርገው ቢያቆሙት እንኳ አቧራው የማይረግፈው በዚህ ምክንያት ነው። የውሃ ድልድይ ሲጨመርበት ደግሞ ኃይሉ ወደ 4,500 ናኖኒውተን ይወጣል። ያስተዋሉት የጠሉ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ሌሊት መስታወቱ ከአየሩ ይበልጥ ቀዝቅዞ ጠል ይይዛል፤ ውሃው ከአቧራው ውስጥ የሚሟሙ ጨዎችን ያሟሟና ፀሐይ ስትወጣ ውሃው ተንኖ ጨዉ በቅንጣቱና በመስታወቱ መካከል ማጣበቂያ ሆኖ ይቀራል። ኖራ ያለበት አቧራ በሚነፍስበት ከተማ ይህን ችላ ማለት አይቻልም።

እውነተኛ ገጾች ግን ፍጹም ለስላሳ አይደሉም። ናኖሜትሮች የሚያክሉ ጉብታዎች ያሉበት ገጽ ቅንጣቱን ከፍ አድርጎ ስለሚይዘው የሚነካካው ስፋት በብዙ ይቀንሳል፤ የቫን ደር ዋልስ ኃይልም ከርቀቱ ስኩዌር ጋር ስለሚቀንስ ኃይሉ በጣም ይወርዳል። ሻካራነቱ የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ በ1 ማይክሮሜትር ስፋት የተለካው አርኪው ለአቧራ መጣበቅ ይበልጥ የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው። በ20 ማይክሮሜትር ስፋት የሚታየው ረጋ ያለ ሞገድ ለ10 ማይክሮሜትር ቅንጣት ዝርግ መሬት ነው ማለት ይቻላል።

ለገሃሬ (ድሬዳዋ)፦

ከሳቢያን ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሁለት ነገሮች ላይ ግን አልስማማም።

አንደኛ፣ የያንግ ሞዱለሱን ቁጥር ማንም ስላላነሳው ዝም ብሎ እንዳያልፍ። 31 ጊጋፓስካል የሚለውን ከጥናቱ እንድታወጪ እመክራለሁ፤ እንደሚመስለኝ ሁለቱን ላቦራቶሪዎች ያለያየውም እሱ ነው። ሬዲየሱ 10 ናኖሜትር የሆነ ጫፍ 70 ጊጋፓስካል በሆነ ገጽ ላይ በ100 ናኖኒውተን ሲጫን ገጹ የሚሰረጉደው ግማሽ ናኖሜትር ብቻ ነው። በዚያው ጊዜ 42 ኒውተን በሜትር የሆነው ካንቲሊቨር 2.4 ናኖሜትር ጎብጧል። ቮልቱን ወደ ናኖሜትር ስንለውጥ 5 በመቶ ብንሳሳት 0.12 ናኖሜትር እንሳሳታለን፤ ይህ የስርጉደቱ ሩብ ነው፤ ሞዱለሱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ስህተቱ ከዚያም ይበልጣል። ከሥር ያለው መስታወት ተጽዕኖ አሳሳቢ አይደለም፤ ሽፋኑ 100 ናኖሜትር ሲሆን ስርጉደቱ ከአንድ ናኖሜትር በታች ነው። የሚያሳስበው ጫፉ ነው። ያ ጫና በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ሲካፈል 6 ጊጋፓስካል ይሻገራል፤ የሲሊኮን ጫፍ እንዲህ ባለ ጫና ደጋግሞ ሲወርድ ይደነዝዛል። ሁለተኛው ላቦራቶሪ ሞዱለሱን መጀመሪያ ለክቶ በዚያው ጫፍ ምስሉንና መጣበቁን ለክቶ ከሆነ፣ ሦስት ማዕዘኖቹም 38 ናኖኒውተኑም ከአንድ ቦታ መጡ ማለት ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ምስል በስለታም ጫፍ፣ ከዚያ መጣበቅ፣ ሞዱለስ ካስፈለገ በመጨረሻና በሌላ ፕሮብ ነው።

ሁለተኛ፣ የሲሊካ ድቡልቡል አቧራ አይደለም። የእኛ አቧራ ጠርዝ ያለው፣ የተለያየ ማዕድን የተቀላቀለበትና በነፋስ እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ነው። ንጹሕ ድቡልቡል ተለክቶ አቧራ ይረግፋል ማለት አልቀበልም። እኔ ብሆን ገንዘቡን ለኮሎይዳል ፕሮብ ከማውጣት ይልቅ፣ ከጣሪያ የተሰበሰበ አቧራ በሽፋኑ ላይ በትኜ በታወቀ የአየር ፍጥነት እያነፈስኩ ብርሃን ማሳለፉን ከመስታወቱ ጋር አነጻጽር ነበር።

ሳቢያን፦

ስለ ሞዱለሱ ለገሃሬ ያሉት ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉንም ልብ አላልኩትም ነበር፤ ነገሩ ሁሉ የተገጣጠመው በእሱ ነው። ስለ ድቡልቡሉ ግን በአቋሜ እቆያለሁ። የማንፈሱ ሙከራ አቧራው መርገፉን ይነግራል፤ ለምን እንደረገፈ አይነግርም። ሽፋኑ ያልሠራ እንደሆነ ተማሪዋ ሻካራነቱን ትጨምር ወይስ ገጹን ውሃ የሚጠላ ታድርገው የምትወስነው የውሃውን ኃይል ከቫን ደር ዋልሱ የለየ ልኬት ሲኖራት ነው። ያ የሚገኘው በደረቅ ናይትሮጅንና በእርጥብ አየር ከተወሰዱ የኃይል ኩርባዎች ነው።

ለገሃሬ፦

ምክንያቱን ለመለየት እንደሚጠቅም አልክድም። አንዱ ብቻ የሚሠራበት ገንዘብ ካለ ግን እኔ ማንፈሱን አስቀድማለሁ።

የሶላር ባለሙያ፦

ይቅርታ ላቋርጥና፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ ድሬዳዋ ውስጥ ቢተከል ሙቀታችንን ይችላል?

ጁገል፦

ሙቀቱን ይችላል፤ የማይችለው የሙቀቱን መለዋወጥ ነው። መብራት ሄዶ ማቀዝቀዣው ሲጠፋና ሲመለስ ስካነሩና ናሙናው ይሰፋሉ፣ ይጠባሉ፤ ምስሉ በዝግታ ይንሸራተታል፤ ጀርባው በአሉሚኒየም ወይም በወርቅ የተለበጠ ካንቲሊቨር ደግሞ ካንቲሊቨሩና ልባጩ እኩል ስለማይሰፉ በራሱ ይጎብጣል። ምድር ቤት፣ ከባቡር ሐዲድና ባጃጅ ከሚመላለስበት መንገድ የራቀ ክፍል፣ ማቀዝቀዣው በቀጥታ የማይነፍስበት ጠረጴዛና የኤሌክትሪክ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል። የመብራቱ 50 ኸርዝ ወደ መሣሪያው ከገባም በምስሉ ላይ እንደ እውነተኛ ሞገድ ሆኖ ይታያል፤ የስካኑ ፍጥነት ሲቀየር ሞገዱ ከተለወጠ የገጹ አይደለም።

የከዚራ ተማሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለሁለተኛው ላቦራቶሪ ጻፍኩና መልስ መጣልኝ፤ ለገሃሬ እንዳሉት መጀመሪያ የተለካው ሞዱለሱ ነው፤ ጫፉም አልተለወጠም። የስፕሪንግ ኮንስታንቱ ከሳጥኑ የተወሰደ ነው። ስለዚህ 38 እና 31 የሚሉትን ቁጥሮች ከጥናቱ አወጣለሁ። 6.2 ናኖሜትርን ደግሞ ከስፋቱና ከማደላደሉ ዘዴ ጋር ብጽፈው እንኳ በሦስት ማዕዘኖቹ የተነሣ አላምነውም። ጥሬ ፋይሉን ልከውልኛል፤ ግዊዲዮን በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ከፍቼ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን በአንድ ዘዴ አደላድዬ አየኋቸው። ከሁለተኛው ላይ 1 ማይክሮሜትር ቆርጬ ሳወጣ በመስመር 26 ነጥብ ያህል ብቻ ነው የሚቀረኝ፤ የሚጠቅም ነገር የለውም።

አዲስ ናሙና ልልክ ነው። በ1፣ በ5 እና በ20 ማይክሮሜትር ስፋት፣ በአዲስ ጫፍ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ጫፉ ተፈትሾ እንዲለካልኝ፣ ካንቲሊቨሩ በሙቀት ውዝዋዜ ወይም በሳደር ዘዴ እንዲስተካከል፣ የክፍሉ እርጥበትና ሙቀት እንዲመዘገብ፣ ጥሬ ፋይሉም እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ። ኮሎይዳል ፕሮቡ ገንዘቤን ይጠይቃል፤ በአማካሪዬ ፈቃድ በደረቅና በእርጥብ አየር አንድ ናሙና ብቻ አስለካለሁ፤ የማንፈሱን ሙከራ እዚሁ ድሬዳዋ እሠራዋለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። መስታወቶቹን ምን ውስጥ አድርጌ ልላክ? ባለፈው የላክኋቸው ታችኛው ገጹ የሚጣበቅ ጄል ባለበት የፕላስቲክ ሳጥን ነበር።

ሳቢያን፦

ያንን ሳጥን ለዚህ ሥራ አትጠቀሚበት። ጄሉ ሲሊኮን ስለሆነ ያልተጣበቁት ቀላል ሞለኪውሎቹ በንክኪም በአየርም ወደ ናሙናው ይዛመታሉ፤ የምትለኪው የመጣበቅ ኃይል የሲሊኮን ቅባት ይሆናል። ንጹሕ የመስታወት ፔትሪ ሳህን ውስጥ፣ የተቀባው ፊት ወደ ላይ ሆኖ ጠርዙ ብቻ እንዲያዝ አድርጊ፤ ሳህኑን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልይው። በጣትሽ ጠርዙን እንጂ ፊቱን አትንኪ። እዚያ ሲደርስ በፕላዝማ ወይም በኦዞን እንዳያጥቡብሽ በደብዳቤሽ ጻፊ፤ እጥበቱ ገጹን ውሃ ወዳድ ስለሚያደርገው በጣሪያ ላይ ከሚቀመጠው ሽፋንሽ ጋር አይመሳሰልም። ማጠብ ግድ ከሆነ ሳይታጠብ የተለካውን አስቀድመው ይላኩልሽ።